በበርሜል የተፈተነ ሞተር

የጀልባ ሞተር ጉለሌ ምን ሊሠራ መጣ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኛም ጠይቀን ነበር። በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በፒክአፕ ተጭኖ የጋራዣችን ግቢ ሲገባ ምንነቱን ከእኛ ቀድመው ያወቁት የሰፈሩ ድመቶች ናቸው፤ ጆንያው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ባልደረቦቼ «በሉ እንግዲህ፣ ጉለሌም ወደብ ሆነች» እያሉ ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሌላው የማይደፍረው ሥራ ሲመጣ ወደ እኔ ይመሩት ስለነበር፣ ሞተሩ የእኔ እንደሚሆን አውቄ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋራዡ ከዊንጌት ብዙ የማይርቅ፣ ቀድሞ የአንድ ሰው የነበረና በአብዮቱ የተወረሰ ግቢ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የማኅበራት ማኪና ሲበላሽ ወደዚያ ይላካል። አለቃችን በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ «ጴንጤው ሰውዬ» ይላቸዋል። በሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው ጥቂት ወራት ታስረው ነበር፤ ስለ እስሩ ግን አንድም ቀን አንስተውልን አያውቁም። እኛም አንጠይቅም። በዚያ ዘመን ሰው የታሰረበትን አይጠየቅም፣ የተፈታበትንም አይጠየቅም።

እኔ ደግሞ የቀጨኔ ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ የሠራውን መጥረቢያ በደስታ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ልጆቹ ከእኛ ጋር ሲጫወቱ ካየ ክንዳቸውን ይዞ ይጎትታቸው ነበር። ዓይናችን ይበላል ይሉናል። ቤታችን የቀረበለትን እህል ሆዴን አሞኛል ብሎ የማይነካ ጎረቤት ስንት እንደነበረ እኔ አውቃለሁ። ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ ተባለ፤ የእጅ ሙያተኛ ይከበር ተባለ፤ እኔም በአንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ መድረክ ወጥቼ የኮከብ ሠራተኛ ወረቀት ተቀበልኩ። ክንድ ይጎትቱ ከነበሩት አንዳንዶቹ እዚያ አዳራሽ ተቀምጠው አጨበጨቡልኝ። እንዴት እንደጣፈጠኝ አልደብቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንድ ፍርሃት ተከተለኝ፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳትኩ «ድሮስ የቀጥቃጭ ልጅ» ይሉኛል ብዬ እፈራ ነበር። ይህን የምጽፈው ለማመካኘት አይደለም፤ ነገሩ ከየት እንደተነሳ ሰው እንዲያውቀው ነው።

ሞተሩን ይዞ የመጣው ሰው በዝዋይ ሐይቅ የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጀልባ ነጂ ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ እጁ በመረብ ገመድ የተላላጠ ሰው ነው። ዕድሜው ከእኔ ዐሥር ዓመት ይበልጣል። እሱ «እርስዎ» ሲለኝ እኔ «አንተ» አልኩት።

«ሲሮጥ ጤነኛ ነው ጌታዬ» አለኝ። «ሲያዘግም ነው የሚሞተው።»

«ታዲያ አታዘግማ!» አልኩት፤ ባልደረቦቼ ሳቁ።

እሱ አልተቀየመም። በእርጋታ አስረዳኝ። መረብ ሲነሳ ጀልባው በቀስታ እየተሳበ መሄድ አለበት፤ ወደ ዳርቻ ሲጠጉም እንደዚያው ነው። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል። በዚያ ሰዓት ሞተሩ ከጠፋ ማዕበሉ ጀልባውን አዙሮ ጎኑን ይመታዋል፣ ወይም ወደ ድንጋዩ ይነዳዋል። ገመዱን ስቦ እስኪያስነሳው ድረስ የሚሆነው አይታወቅም። እኛ መካኒኮች ሞተር ሳይጫን በዝግታ የሚዞርበትን ሚኒሞ እንለዋለን፤ ለማኪና ሚኒሞ ማለት መብራት ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። ለእሱ ግን ሕይወት ነበር። ይህን ያኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ልቤ ግን አልያዘውም።

ፈታሁት። እውነትም ቆሽሾ ነበር። ካርቡራቶሩ ሥር አሸዋና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ተኝቷል፤ በዝግታ ሲሄድ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ተደፍናለች። በነፋስ አጠብኳት። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፤ የቤንዚን ጎማው ተሰነጣጥቆ አየር ይስብ ስለነበር ቆርጬ ሌላ አስገባሁ። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ የነበረውን ትልቅ በርሜል ውሃ ሞልተን፣ በላዩ ወፍራም ሳንቃ አጋድመን ሞተሩን አሰርንበት። ገመዱን ስስብ በሁለተኛው ተነሳ። ውሃው ተናጠ፤ ጭሱ ግን በዛ፤ ድምፁም ከበድ አለ። ቤንዚንና አየር በስንት በስንት እንደሚደባለቁ የምትወስን አንዲት ትንሽ ብሎን ከካርቡራቶሩ ጎን አለች። ካቻቢቴዬን ይዤ ቀስ በቀስ ዘጋኋት፤ ጭሱ ቀጠነ፣ ድምፁ ተስተካከለ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሚኒሞ አስቀመጥኩት። አንዴም አልተደናቀፈም።

ጀልባ ነጂው አጎንብሶ በርሜሉን ተመለከተ። «ይህ ውሃ አይንቀሳቀስም» አለ።

«ውሃ ውሃ ነው» አልኩት።

ወረቀት ጻፍኩለት። ከግቢያችን የሚወጣ ማንኛውም ነገር ተጠግኗል የሚል ማረጋገጫ ይዞ መውጣት አለበት፤ ሠራተኛው ይጽፋል፣ አለቃው ማኅተም ይመታል። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ።

በሁዳዴ መግቢያ ተመለሰ። ሞተሩን ከፒክአፑ ሲያወርድ ፊቴን አላየኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ ከድሮውም ባሰበት» አለ።

ደሜ ፈላ። በርሜሉ ላይ አሰርኩት፤ ገመዱን አንድ ጊዜ ሳብኩት፤ ተነሳና እንደዚያው እንዳስተካከልኩት በእርጋታ ዞረ። ግቢው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል። «ይኸው! የታለ የሚጠፋው?» አልኩት። እሱ ሞተሩን ያያል፣ እኔን ያያል። «እዚያ ያስነጥሳል» አለ በመጨረሻ። «ያስነጥስና ይጠፋል። እውነቴን ነው።» እኔም ሞያዬን ላሳይ ብዬ ብሎኗን አሁንም ለጥቂት ዘጋኋት፤ ድምፁ ይበልጥ አማረ። «ሞተሩ ደህና ነው፤ እጅህን አስመርምር» ብዬው ሰው አሳቅኩበት።

ማኅበሩ ያን ጊዜ ጥብቅ ደብዳቤ ልኮ ነበር። የጾም ወቅት ነው፤ ከተማው ዓሣ ይጠብቃል፤ ብልሽቱ ከማን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን ይላል። እኔም ጻፍኩ፦ «ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ምንም እንከን አልተገኘበትም። ጉድለቱ የአንቀሳቃሹ ነው።»

አለቃችን አነበቡና ማኅተሙን ከመምታታቸው በፊት መነጽራቸውን አወለቁ።

«የመጨረሻው መስመር ይቅር፤ ሞተሩን እንጂ ሰውየውን አልመረመርነውም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሠርቷል! እርስዎም ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እኔ የጻፍኩት ሐሰት ነው?»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔም በዚያ ቀን እንደዚያ ሆኜ ቆምኩ። ቃሌን ከማጥፋት የሰው ልጅ ቢጠፋ እመርጥ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩትም። እሳቸው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ማኅተሙን መቱ።

በመጋቢት ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ጀልባ ነጂው አልነበረም። ከሹፌሩ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባለች። ሹፌሩ የሰጠን ደብዳቤ አጭር ነው። ጀልባው መረብና ዓሣ ጭኖ ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ነፋስ ከድንጋይ ጋር አላግቶ ሰባብሮታል። ሰው አልሞተም። የሕዝብ ንብረት ግን ወድሟል። ከጋራዡ በተሰጠ ማስረጃ መሠረት ሞተሩ ጤናማ ስለሆነ፣ ነጂው በኢኮኖሚ አሻጥር ተጠርጥሮ ታስሯል። ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ታይቶ ውጤቱ ይላክ።

«ከጋራዡ በተሰጠ ማስረጃ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚያ ዘመን ምን ታደርግ እንደነበር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ገብቶ የወጣ ነበር፤ ገብቶ ያልወጣም ነበር።

ሴትዮዋ ሚስቱ ነበረች። ቀጨኔ የሩቅ ዘመድ ነበራትና እዚያ አድራ በማግስቱ ጠዋት በእግሯ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እጅ ነሳችኝ። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ እኅቴ።»

«እዚህ ሲነሳ ልስማው» አለች። «እሱ እዚያ ይጠፋል ይላል። እናንተ እዚህ አይጠፋም ትላላችሁ። በጆሮዬ ልስማውና ልረፍ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። አሰርኩት፤ አስነሳሁት። ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደተማረ ልጅ ዞረ። ቆማ አዳመጠችው። ይጠፋል ብላ ትጠብቅ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ስለነበር የምትጸልይ መሰለኝ። አልጠፋም። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን ሸፈነች።

«እንግዲያው ዋሽቶኛል» አለች። «ልጆቼን እየማለልኝ ነበር እኮ።»

ሞተሩን አጠፋሁት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ድል አልነበረም፤ የሰው ነገር እንደሰረቅኩ ያህል ነበር የተሰማኝ። ውሃ አመጣሁላት። ስትጠጣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ንግግሯም ይቆራረጣል። አሞሽ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት።

«አይ፣ አላመመኝም ወንድሜ። ከትናንት ጀምሮ አየሩ አልበቃ ብሎኝ ነው። ያንን ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። እዚህ አገር ሰው በምን ይተነፍሳል?»

ብርጭቆውን ተቀብያት እንደቆምኩ ቀረሁ። ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርዱ የቤንዚን ማኪና ሾፌሮች ያቺን ብሎን ሲወርዱ ጥቂት እንደሚፈቷት፣ ሲመለሱ እንደሚዘጓት አውቅ ነበር። ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይቀነሳል። ቆላ አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚኑ ይጨመራል። ለስንት ሾፌር በገዛ እጄ አስተካክያለሁ። ለዚህ ሞተር ግን አላሰብኩትም። ለምን? ሐይቅ አይቼ አላውቅም፤ በልቤ ያለው ሐይቅ ያ በርሜል ነበር። በእንጦጦ እግር ሥር፣ በጉለሌ ብርድ፣ በጉለሌ ስስ አየር አስተካክዬ ወደ ቆላ ላክሁት። እዚያ ሲደርስ የሰጠሁት ቤንዚን አልበቃውም፤ አስነጠሰና ጠፋ። ሰውዬው እውነቱን ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ለመታየት ብዬ ጭራሽ ዘግቼበታለሁ።

ለሴትዮዋ ወዲያው ነገርኳት ማለት ብችል ደስ ባለኝ። «እኅቴ፣ እዚያው ሄጄ አየዋለሁ» ብቻ ነበር ያልኳት። ለአለቃችን ግን የአየሩን ነገር ነገርኳቸው። እሳቸው በሁለት ቀን ውስጥ የይለፍ ወረቀት አስወጡልኝ። አንዱ ባልደረባዬ «ተው ይቅርብህ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለኝ። አልሰማሁትም፤ እስከዚያ ድረስ እንኳ ደፋር ነበርኩ።

ከሴትዮዋና ከሞተሩ ጋር ወረድን። ሞጆን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ መጣ፤ እሷ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ በደንብ መተንፈስ ጀመረች። ሐይቁን ሳየው ደነገጥኩ። ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር፤ ቡናማ ነው፣ ወዲያኛው ዳርም በጭጋግ አይታይም። ጉዳዩን የያዘው ካድሬ ዳርቻው ላይ ይጠብቀን ነበር፤ ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ ክፉ ፊት የለውም። ሞተሩን ሌላ ጀልባ ላይ አሰርነው። አስነሳሁትና ወደ ሚኒሞ አወረድኩት። ሁለቴ አስነጠሰና ጠፋ። ደግሜ አስነሳሁት፤ ጠፋ።

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ሩብ ዙር ፈታሁ፤ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ደግሞ ሩብ ዙር። በሦስተኛው ሞተሩ ረጋ። በዝግታ እየሄድን ሸምበቆውን ታክከን ዞርን፤ ከቀትር በኋላ ያለው ነፋስ ተነስቶ ጀልባውን ያናውጠው ጀመር፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ያን ነፋስ ሰውነቴ ላይ ስሰማው ነው ሰውዬው ሲያስረዳኝ የነበረው ነገር የገባኝ። ስንመለስ ሚስቱ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ቆማለች።

«አልዋሸኝም» አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። «አልዋሸኝም።»

ካድሬው ወደ ጥላ ወሰደኝ። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀመጠ። ሁለቱ የቀድሞ ወረቀቶቼም እዚያው ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ አወቅኩት።

«እንግዲህ ጓድ፣ ፊተኛው ማስረጃህ ስህተት ነበር ማለት ነው?»

«የአየሩ ነገር...»

«አየሩን ተወው። ስህተት ነበር ብለህ ጻፍ፤ ሰውዬው ዛሬውኑ ይፈታል። ጀልባው በማን ምክንያት እንደተሰበረ ግን አንተን እንጠይቅሃለን።»

ብዕሩን አነሳሁ። ሰውዬው የታሰረበት ቤት ከተቀመጥኩበት ይታይ ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ በሩ ላይ አንድ ዘበኛ የተቀመጠበት ነው። አባቴን አሰብኩ። አዳራሹን አሰብኩ፤ ያጨበጨቡትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አሰብኩ። «ድሮስ» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያም ጻፍኩ፦ «በቦታው ተገኝቼ ሞተሩን ለሐይቁ አየር እንዲስማማ አስተካክዬዋለሁ። አሁን በፍጥነትም በዝግታም ይሠራል።» ፈረምኩ። ከዚህ ቃል ውስጥ አንዱም ሐሰት አይደለም። አስተዋይ ሰው ካነበበው ይገባዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ካድሬው አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። የተረዳኝ ይመስለኛል። «ይህ በቃህ?» አለኝ።

«በቃኝ» አልኩት።

ጉለሌ ስመለስ አለቃችን «እህ፣ ሰውየውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ይፈቱታል አልኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። ዝናቡ የግቢውን በርሜል ሞልቶ እየፈሰሰ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ተፈቷል፣ ድሮ ተፈቷል እላለሁ፤ ለማጣራት ግን አንድ መስመር ደብዳቤ አልጻፍኩም። ማጣራት የፈራሁት መልሱን ስለማውቀው ነበር።

በኅዳር አንድ ጠዋት ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። በመጋቢት ያልነበረ ሕፃን አዝላለች። እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ ባሏን የምረዳ ሰው አድርጋ ይዛኛለች። ሳልደርስባት አለቃችን ቀድመው አናገሯት። ሰውዬው እንደታሰረ ነው። ሞተሩ ተስተካከለ እንጂ ፊተኛው ማስረጃ አልተሻረም ተብሎ ፋይሉ እንደተዘጋ ተቀምጧል።

አለቃችን ወደ እኔ ዞሩ። «ያኔ የጻፍከውን ቅጂ አምጣልኝ።»

አመጣሁ። ቆመው አነበቡት።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድሎታል» አሉ።

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር ጋሼ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቢሮአቸው ገብተው ወረቀት አወጡ። ተከትያቸው ገባሁና «እኔ ልጻፈው ጋሼ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አልኳቸው።

«ስምንት ወር ነበረህ እኮ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። ብዕራቸውን አንስተው ደግሞ፣ «እዚያ ውስጥ አንድ ቀን ስንት እንደሚረዝም እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ስለ እስራቸው ሲናገሩ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉት። የጋራዡ ሁለት ማስረጃዎች ስህተት እንደነበሩ፣ ሞተሩ የተስተካከለው ለደጋ አየር እንደነበር፣ ነጂው ምንም ጥፋት እንደሌለበት፣ ማኅተሙን የመቱት እሳቸው ስለሆኑም ኃላፊነቱ የራሳቸው እንደሆነ ጻፉ። የእኔ ስም የትም አልነበረበትም። ማኅተም መትተው፣ አሽገው ለሴትዮዋ ሰጧት፤ የጻፈው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ሰውዬው በሳምንቱ ተፈታ።

አለቃችን በወሩ ተነሱ። ሩቅ ቆላ ውስጥ ወደሚገኝ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዕቃ ቤት ተመደቡ። የሄዱ ዕለት ግቢውን ዞረው ሁላችንንም ተሰናበቱ። እኔንም እንደማንም እጄን ጨበጡኝ፤ «በርታ» አሉኝ። እሳቸው በነበሩበት ወንበር እኔ ተሾምኩ። ደብዳቤ ልጽፍላቸው ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ በኋላ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ።

ጥር ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ቀጨኔ ቤታችን ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጀልባ ነጂው ነበር። ያ ረጅም ሰውነቱ በግማሽ ከስቶ ነበር፤ ያስላል። ቤቱን ጠይቆ ጠይቆ ነው ያገኘው። በሸምበቆ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዟል። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያኔ ዓይኑ ደክሟል፣ ሰው ሲገባ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ሰውዬው ተቀመጥ ሲባል አልተቀመጠም። «የእኚህ ሰው ልጅ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝና አዎ ስለው ሄዶ ከአባቴ እግር ሥር በርከክ አለ። ያን የተቃጠለ፣ የተጠማዘዘ የቀጥቃጭ እጅ አንስቶ ሳመው።

«አባቴ፣ ልጅዎ ነው ከእስር ያወጣኝ» አለ። «ከጉለሌ ጋራዥ የመጣው ደብዳቤ ነው ያወጣኝ። ሥራውን ትቶ እስከ ሐይቁ ድረስ ወርዶ፣ ሞተሩን አይቶ፣ እውነቱን ጻፈልኝ። እናቴ እኔ እዚያ ሆኜ አረፈች፤ አፈር አላለበስኳትም። ልጅዎ ባይኖር እኔም እዚያው እቀር ነበር።»

አባቴ የሰውዬውን ራስ በመዳፉ ዳበሰው። እንዲህ ያለ ደስታ ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ከዚያም በኋላ አላየሁም።

ደብዳቤውን የጻፈው ሌላ ሰው መሆኑን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው ተነስቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ሁለት እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።

አባቴ መልሴን ለመስማት ፊቱን ወደ እኔ አቅንቷል።

«አብሮ ይስጠን» አልኩ።